ድገሚው

ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «እስቃለሁ» ነበር የምትለው። የቀለደች የመሰለው አብሯት ይስቃል፤ ሌላው «ጤናም የላት ይቺ ሴትዮ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ አጠገቧ ካለሁ ግን አለቅም። «ምን ያስገለፍጥሃል? እውነቷን እኮ ነው! ደመወዝ የምትበላው ስቃ ነው!» እላለሁ። መቆጣት ለምዶብኛል፤ እኔም ደመወዝ የምበላው ተቆጥቼ ነውና።

የምንሠራው ከባሕር ማዶ የሚመጡ ተከታታይ ፊልሞችን በእኛ ቋንቋ ማናገር ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው ሴት አፏን ስትከፍት ድምፁን እኛ እንሰጣታለን። እኔ በየፊልሙ ያለችው ክፉ አማት ነኝ። ምራቷን ከነሻንጣዋ የምታባርረው፣ ደረጃ ላይ ቆማ የምትራገመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሥራ ቤት ስሜ «አማት» ሆኖ ቀረ። የወንድ ልጄ ሚስት እንኳ መጀመሪያ ቤቴ የመጣች ቀን፣ «ግቢ» ስላት ድምፄን ሰምታ በር ላይ ደርቃ ቀርታለች። ያቺን «እስቃለሁ» የምትለዋን ደግሞ ሳቂታ እንላታለን። ዋና ተዋናይት ሆና አታውቅም፤ ለንግግር ድምፅዋ ትንሽ ይሻክራል። ሳቅ ላይ ግን ማን ይደርስባታል! ፊልሙ ውስጥ የሚስቅ ሁሉ፣ ሙሽራ ትሁን ሠራተኛ፣ ሕፃን ይሁን ባልቴት፣ እሷ ናት።

ጽሑፉ የሚመጣልን በእንግሊዝኛ ነው። ተርጓሚያችን ፂማም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ንግግሩን አሳምሮ ይመልሰዋል። ሳቅ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰጣል። እንግሊዞቹ ለእያንዳንዱ ሳቅ ስም አውጥተውለታል። «እኛስ መች አነሰን?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። «ከት አለ አለ፣ ተንከተከተ አለ፣ ገለፈጠ አለ፣ አሽካካ አለ!» እሱ እቴ! «ገለፈጠ ብዬ ከጻፍኩ ሰውየውን ሰደብኩት ማለት ነው» አለኝ። ስለዚህ ቃሎቹን እንዳሉ ተዋቸው፣ እኛም እንዳሉ ለመድናቸው። እንደ መዶሻና እንደ ምስማር በየቀኑ የምናነሳቸው ዕቃዎች ሆኑ። ጊግል ማለት ልጃገረድ በእጇ አፏን ይዛ የምታፍነው፣ ግን በጣቶቿ መሃል የሚያመልጣት ሳቅ ነው። ቻክል ደግሞ አፍ ሳይከፈት ደረት ውስጥ ይቀራል፤ አባት ልጁ ሲያጠፋ አይቶ፣ እንዳያይበት ዞር ብሎ የሚስቀው ዓይነት። ስኒከር በአፍንጫ ነው፣ የምቀኛ ነው። ገፎ ሲመጣ ከማይኩ ራቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ጣሪያ ይነቀንቃል። ካክል የሚባለው የእኔ ነበር፣ የክፉ ሴትዮዋ። ተርጓሚው «መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ ማለት ነው» ብሎ ነግሮኝ ለስንት ጊዜ አላናገርኩትም።

ድምፅ ቀጂው ባሏ ነበር። ጆሮ ነው የምንለው። እኛ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ግድግዳው በአሮጌ ፍራሽ በተለበጠ ጠባብ ክፍል ውስጥ በካልሲ እንቆማለን፤ ጫማ ሲጥ ሲጥ ስለሚል በር ላይ ነው የሚወልቀው። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ትልቁን ማዳመጫ ደፍቶ ይቀመጣል። አይሰማው ነገር የለም። ሆድ ቢጮህ ይሰማል፣ «አንቺ ቁርስ አልበላሽም፤ ብስኩት ብይና ተመለሺ» ይላል። የጥርስ ሕመም ይሰማል። አንድ ቀን እኔን፣ «እትዬ አማት፣ ዛሬ ከልጅሽ ጋር ተጣልተሻል፤ እርግማንሽ ከልብ ሆነብኝ» ብሎኛል። እውነቱን ነበር። ደግሞ የውሸት ሳቅ የሚባል ነገር በሱ ዘንድ አያልፍም። ሳቂታ ትንሽ ስታስመስል ካገኛት በማዳመጫው «ውሸት ነው፤ ድገሚው» ይላታል። አይቆጣም፣ አያላግጥም። «ውሸት ነው፤ ድገሚው» ብቻ። እሷም ምላሷን አውጥታ ታሳየውና ትደግመዋለች።

ታዲያ ዝም ብሎ ድገሚው አይልም፤ ሳቁን ራሱ ነው የሚያመጣላት። የሷና የእኔ ማዳመጫ አንድ መስመር ላይ ስለሆነ የሚላትን ሁሉ እሰማለሁ። ቻክል ሲፈልግ፣ «ማታ ያንኮራፋው ማን ነበር?» ይላታል፤ ሁለቱም እሷ መሆንዋን ያውቃሉ። ገፎ ሲያስፈልግ ከወንበሩ ይነሳና የሥራ አስኪያጁን አረማመድ ከመስታወቱ ወዲያ ይራመድላታል። ለጊግል ግን አንዲት ቃል ናት ያለችው። «ወንበሯ» ይላል፤ በቃ፣ ሳቂታ ፍርፍር ትላለች።

ወንበሯ ማለት እንዲህ ናት። መጀመሪያ እነሱ ቤት የሄደ ቀን፣ ገና እጮኛዋ እያለ፣ አባትዋ ወንበር ሳቡለት። እግሯ የተሰበረ ወንበር ነበረች፤ ለወጉ ተደግፋ የቆመች። ጆሮ ሲቀመጥ ወንበሯ ሲጢጥ አለች። እሱ ታዲያ አባትየውን እንዳያሳፍር፣ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በጭኑ ተንጠልጥሎ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ «ደህና ነኝ፤ ተመችቶኛል» እያለ ተቀምጦ ዋለ። ሻይ ሲሰጡት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባትዋ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ግን ፍርሃት አለበት» አሉ። ሊወጣ ሲነሳ ወንበሯ ተበታተነች። ሳቂታ «ያን ቀን ነው የወደድኩት» ትላለች።

ልጅ ግን አልሰጣቸውም። ፊልሙ ውስጥ ያሉት የልጆች ሳቆች ሁሉ የሷ ሆነው ሳለ፣ ቤታቸው ታጥቦ የሚደፋው ኩባያ ሁለት ብቻ ነበር። እሷም እሱም ስለዚህ አያወሩም። የሕፃን ሳቅ የተቀዳ ቀን ብቻ ጆሮ ከሥራ በኋላ እጇን ይዞ ነው ደረጃውን የሚወርደው።

ከዚያ ጆሮ መክሳት ጀመረ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፣ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። «ጨጓራ ነው» ይላል። እኔ ነኝ ጮኼ ሐኪም ቤት የሰደድኩት። ውጤቱ የደረሰ ቀን አብረው ሄዱ። ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ «መጀመሪያ የቤተሰብ ሰው ይግባ» አሉ፤ እሷ ገባች፣ እሱ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዞ ተቀምጦ ቀረ። ቆሽቱ ላይ ያለው ዕጢ ጉበቱ ዘንድ ደርሷል፤ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት የለውም አሏት። ሳቂታ ጠረጴዛቸውን ይዛ፣ «አባቴ፣ ለሱ አይንገሩት» ብላ ለመነቻቸው። «ከጠየቀኝ አልዋሸውም፤ ካልጠየቀኝ ግን እሺ» አሏት።

ጆሮ አልጠየቀም።

እሷ ከሐኪሙ ክፍል የወጣችው እየሳቀች ነበር። «ጨጓራ ነው አሉ! አስደነገጥከኝ፣ አንተ ጉደኛ!» አለችው። እሱም፣ «አላልኩሽም?» ብሎ ተነሳ። ታክሲ ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ኮት የምንሰቅልበት ጓዳ ውስጥ ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ፣ ጆሮ ሊሞትብኝ ነው» አለች። ክው አልኩ። ጫማዎቹ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ለሱ ዓይኗ እንዳይቀላበት ብላ ነው። «ካወቀ በሐሳብ ነው የሚያልቀው። ያለውን ጊዜ እየሳቀ ይቆይልኝ። አፈር ስሆን እትዬ፣ እንዳይሰማ!» አለችኝ።

«ከማን ነው ድምፅ የምትደብቂው? ከጆሮ?» አልኳት።

«ሥራዬ አይደል?» አለች። «ስስቅ አይደል የኖርኩት?»

ማልኩላት። እሷ ለእኔ ነገረች፣ እኔ ለተርጓሚው፣ ተርጓሚው ለጸሐፊዋ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቱ በሙሉ አወቀ፣ ቤቱ በሙሉም ማለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሌላ ጊዜ ቢሆን በቅጽል ስሙ ስንቀልድበት እንውል ነበር፤ ያን ቀን ግን ተረቱ የሁላችንም አፍ ላይ መጥቶ ማንም አላወጣውም።

አይ የእኛ ነገር! ሁላችንም በድምፃችን የምንኖር ሰዎች ነንና፣ ማስመሰል ምን ያቅተናል አልን። ጆሮ ሲገባ ቤቱ ይደምቃል። «ዝናብ ሊመጣ ነው» ካለ እንስቃለን። የድሮ ቀልዱን፣ ያን ዘላለም የሚያወራውን የአህያና የዳኛ ቀልድ ሲያነሳ፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ትደበድባለች። ተርጓሚው እንኳ፣ ቀልድ ሲነግሩት መዝገበ ቃላት የሚገልጠው ሰውዬ፣ ሃ ሃ ሃ ብሎ በፊደል ሳቀ። ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ አንድ በአንድ ሲያየን ትዝ ይለኛል። «ምን ሆናችኋል? ደመወዝ ተጨመረ እንዴ?» አለን። በዚህም ሳቅን። ጥርስ ባዳ ነው፤ አንጀታችን እያረረ ጥርሳችን አልተዘጋም።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ የረጅሙን ፊልም አንድ ክፍል እየቀዳን ነበር። ባሏ ባሕር ላይ ሰምጦ ሞቷል የተባለች ሴት አለች። እሱ ድንገት በር ላይ ይቆማል። ታየዋለች፣ አታምንም፣ ከዚያ ትስቃለች። ወረቀቱ ጊግል ይላል። ሳቂታ ማይኩ ፊት ቆመች፤ እኔ ቀጥዬ ስለምገባ አጠገቧ ነበርኩ። በማዳመጫው ጆሮ፣ «ወንበሯ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ሳቀች። ለሌላ ሰው ጆሮ ሳቅ ነበር፤ ለእኔ ግን ሆድ አልነበረውም። ከጉሮሮ ተጀምሮ እዚያው ጉሮሮ ላይ አለቀ፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽዋ ልታለቅስ ስትል እንደሚሳበው ወደ ውስጥ ተሳበ። የእኔ ማዳመጫ የሰማውን የእሱ ያልሰማው እንዳይመስላችሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ «ውሸት ነው፤ ድገሚው» እስኪል ጠበቅኩ።

ጆሮ ቁልፎቹን እያየ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ጥሩ ነው። እንቀጥል» አለ።

ሳቂታ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አታለልኩት ማለቷ ነው። ፊቷ ላይ እፎይታ ነበር። እኔ ግን የኔን መስመር ሦስቴ ተሳሳትኩ።

ሰዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ እሱ ዘንድ ገብቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«ያንን ሳቅ ለምን አሳለፍከው?» አልኩት።

«የቱን ሳቅ?»

«አታሞኘኝ! እኔን አማትን! ውሸት ነበር፤ ሰምተሃል።»

ገመዱን ጠቅልሎ ጨርሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። መልሶ አወረደውና እንደገና ይጠቀልለው ጀመር። «ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ ሳቀች» አለ። «እኔ የሷን ሳቅ ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ስትፈራ፣ ስታፍር፣ ተኝታ በሕልሟ ስትስቅ። ያን ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እትዬ፣ እኔ የማላውቀው ሳቅ ካወጣች፣ ሞቴን ልትደብቅበት ካልሆነ ለምን ነው?»

እንባዬ መጣ፤ እንባዬ ሲመጣ ደግሞ ቁጣዬም አብሮ ይመጣል። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ንገራት! ተቃቅፋችሁ አልቅሱ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ እናንተ?»

«ማወቄን ካወቀች መሳቅ ታቆማለች» አለኝ። «ቤት ስገባ እኮ ገና ደረጃው ላይ ነው የምሰማት። ውሸትም ይሁን፣ የሷ ነው። ደግሞ ሌላ ምን ላድርግ? ድገሚው ብላት ከየት ታመጣዋለች?»

«አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ወንበር ላይ ዛሬም ተቀምጠሃል አይደል?» አልኩት።

ሳቀ። አፉ ሳይከፈት፣ እዚያው ደረቱ ውስጥ። ከዚያ ቤት የሰማሁት የመጨረሻው እውነተኛ ሳቅ እሱ ነው። «ተመችቶኛል» አለኝና፣ ቀጥሎ፣ «እንዳትነግሪያት፤ በልጅሽ ሞት» አለ። ማልኩለት። ለሚስትየው ምዬ፣ ለባልየው ምዬ፣ ሁለት መሐላ በአንድ ሆድ ይዤ ወጣሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው! እሷ ታውቃለች፣ እሱ ያውቃል፣ እኔ የሁለቱንም አውቃለሁ፤ ሦስታችንም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ስለ ዝናቡ እናወራለን።

ተናድጄባቸዋለሁ። ዛሬም እናደድባቸዋለሁ። ሰው ከሚወደው ሰው ጋር ያለው ጊዜ እንዲያ ሲያልቅ፣ እንዴት በማስመሰል ይጨርሰዋል?

ሥራ ካቆመ በኋላ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችለት። በየሳምንቱ እሄድ ነበር፤ ባልሄድ ይሻለኝ ነበር። እሷ ማድ ቤት ገብታ ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንሰቀሰቃለች፤ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠባለች፤ ከዚያ ትሪውን ይዛ «የኔ ጌታ፣ ዛሬስ ቀለምህ ተመልሷል!» እያለች ትገባለች። እሷ ማድ ቤት እያለች ደግሞ እሱ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሶ ይይዛል፤ ኮቴዋን ሲሰማ ይለቀውና ፊቱን በእጁ ያስተካክላል። እኔ መሃል ተቀምጬ ሁለቱንም አያለሁ። «ሲሻለኝ ያንን የሚያፈስ ጣሪያ አስጠግነዋለሁ» ይላል። «ቀለሙን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው» ትላለች። «ሰማያዊ እንዳይሆን ብቻ» ይላል። ወይ ነዶ! ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ መሰላችሁ። ስከፍተው እሱ ያየኛል፤ በዓይኑ ይለምነኛል፤ መልሼ እዘጋዋለሁ።

የሞተው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ አልጋው ላይ እያለች። እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን ታሸዋለች። ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር ጠጋ ብላ ነው የምትሰማው። አንዴ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጠጋ አለች። «ወንበሯ» አላት።

ሳቀችለት። እንዴት እንደሳቀች እግዜር ይወቀው፤ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ፣ ጊግል የሚሉትን ያን የልጃገረድ ሳቅ ሳቀችለት። ያ ሳቅ ምኑም እውነት አልነበረም። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት። እስክትጨርስ ጠበቀ። «ጥሩ ነው» አላት። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ሳይመሽ ሄደ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲያጽናናት እሷ መልሳ ታጽናናዋለች። «ሳያውቅ ነው የሄደው» ትላለች። «አንድ ቀን ሳይፈራ፣ አንድ ቀን ሳይጨነቅ። ለሱ ማድረግ የቻልኩት ይሄን ነው፤ ይሄ ይበቃኛል።» ሰዎቹ «እሰይ፣ ጎበዝ፣ ደግ አደረግሽ» ይሏታል። እኔን ታየኛለች፣ «አይደል እትዬ?» ትለኛለች። «አዎ እናቴ» እላታለሁ። የቀራት መደገፊያ ያ ብቻ ነበር፤ እኔ ማን ነኝና ከሥሯ የምስበው?

ወደ ሥራ ስትመለስ በጆሮ ቦታ ከሬዲዮ የመጣ ሰው ተቀምጧል። መነጽር ያደርጋል፣ ትሁት ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ሁሉም ነገር ለሱ «ግሩም» ነው። ሳቂታ ትስቃለች፤ «ግሩም!» ይላል። እኔ እራገማለሁ፤ «ግሩም!» ይላል። አንድ ቀን በግድ ሳቅ የሚሉት ዓይነት ሳቀች፣ ልጅ እንኳ የሚያውቀው። «ግሩም! ቀጣዩ» አላት። ሳቂታ ግን ከማይኩ አልተንቀሳቀሰችም፤ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና ቆማ ቀረች። ምን እየጠበቀች እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ክንዷን ይዤ አወጣኋት።

ከዚያ የረጅሙ ፊልም ሁለተኛ ዓመት መጣ። መጀመሪያው ላይ «ባለፈው ያየነው» ተብሎ የአንደኛው ዓመት ትዕይንቶች ይታያሉ፤ ባሏ ከባሕር የተመለሰላት ሴትም እዚያ ውስጥ አለች። አዲሱ ሰውዬ፣ «ድምፅዎ ካለፈው ጋር እንዲገጥም፣ መጀመሪያ የድሮውን ላሰማዎት» አላት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሊመጣ ያለውን አወቅኩ፤ ለማስቆም ግን ምን ብዬ? ከፊታችን ባለው ስክሪን ላይ የሴትየዋ ፊት መጣ፤ ማዳመጫችን ውስጥ ያ ሳቅ ተሰማ። ከጉሮሮ ተጀመረ፣ ጉሮሮ ላይ አለቀ፣ ትንፋሹ ወደ ውስጥ ተሳበ።

ሳቂታ ግንባሯን ቋጠረች። ያኔ እንኳ ነገሩ ሥራ ብቻ ነበር የመሰላት። «ይሄ የኔ ነው?» አለች። «ይሄማ ውሸት ነው። ማን አሳለፈው?»

«ባለቤትዎ ናቸው የቀዱት» አለ ሰውዬው።

«እሱ ይሄን አያሳልፍም።»

«እሳቸው ናቸው፤ ክፍሉ ሙሉ የሳቸው ነው።»

«እሱ ይሄን አያሳልፍም እልሃለሁ! ደግመህ አሰማኝ።»

ደግሞ አሰማት። ስትሰማው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ያን ረፋድ እያስታወሰች ነው። «ወንበሯ አለኝ» አለች። «ሳቅኩ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ጥሩ ነው አለኝ።» ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ» አለች፣ «ያውቅ ነበር እንዴ?»

ዕድሜዬን ሙሉ በድምፄ ስዋሽ የኖርኩ ሴት ነኝ። «ኧረ በጭራሽ!» ልላት አፌን ከፈትኩ። የእግዜር ያለህ፣ ድምፅ አልወጣኝም። ያው መልስ ሆነ።

ወለሉ ላይ በካልሲዋ ቁጭ አለች። «የመጨረሻዋንም ጥሩ ነው አለኝ» አለች። «እያወቀ። አልጋው ላይ ሆኖ እያወቀ፣ እኔም እያወቅኩ... እትዬ፣ ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም እኮ! እንዳያውቅብኝ ብዬ አንድ ቀን ደህና ሁን አላልኩትም!» ከዚያ አለቀሰች፤ ከሐኪሙ ክፍል ከወጣች ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ፣ ፎጣ ሳትጠቀጥቅ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። እኔም አጠገቧ ወርጄ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ያዝኩት። ፍራሽ የተለበጠው ግድግዳ ልቅሶዋን ይውጠዋል እንጂ ውጭ አያስወጣውም።

ከመስታወቱ ወዲያ ሰውዬው ግራ ገብቶት ቆሟል። እሷ ቀና አለች። ፊቷን በእጇ ጠረገች፤ እኔን ተደግፋ ተነሳች፤ ማይኩ ፊት ቆመች። ያን የጆሮን ወንበር እያየች፣ «ውሸት ነው በለኝ» አለችው። «እባክህ። ድገሚው በለኝ።»

ሰውዬው ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናት ፈልጎ የማይኩን ቁልፍ ተጫነና፣ «ኧረ የለም፣ ግሩም ነው» አላት። «የሚደገም ነገር የለም።»